የ24 ሰዓት ዱቲን ወደ 12 ሰዓት ስለማሳጠር፦ ሌሊት የምትሠሩ ባለሙያዎች ምን ትላላችሁ?

አስተባባሪ ነርስ (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርሶችን የሥራ ድልድል የማወጣው እኔ ነኝ። እስካሁን የምንሠራበት የአዳር ሥርዓት ተረኛው ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት የሚወጣበት የ24 ሰዓት ዱቲ ነው። በቅርቡ ይህ ወደ 12 ሰዓት ፈረቃ እንዲለወጥ ሐሳብ ቀርቦ ረቂቁን እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ለውጡን አጥብቀው የሚቃወሙት ግን እንዲያርፉ የታሰበላቸው ነርሶች ራሳቸው ናቸው።

ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው አጋሮ ወይም ሰርቦ ስለሚኖር አንድ ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜ መውጣት የትራንስፖርት ወጪያቸውን ያቀልላቸዋል። ሌሎቹ በእረፍት ቀናቸው በግል ክሊኒክ ይሠራሉ፤ በዚህ የኑሮ ውድነት ይህን ገቢ ተዉት ብሎ መናገር ለእኔም ይከብደኛል። ከዚህም ሌላ «የለመድነው ሥራ ነው፣ ቡናችንን ከጠጣን እስኪነጋ አንደክምም» የሚል ክርክር በየስብሰባው ይነሣል፤ ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡና አያነቃም ብሎ የሚከራከር ደግሞ ሰሚ አያገኝም።

በበኩሌ የሚያሳስበኝ የሌሊቱን መዝገብ ሳገላብጥ የማየው ነገር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተለካው የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የአተነፋፈስ ቁጥር ከታካሚ ታካሚ ይለያያል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የሁሉም አተነፋፈስ 20፣ የሁሉም ሙቀት 36.5 ይሆናል፤ የእጅ ጽሑፉም መስመሩን ይስታል። ይህ በስንፍና የመጣ ነው ብዬ አላምንም። ያው ነርስ በዚያው ሌሊት በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ጠፍቶ የነበረውን ደም ሥር በመጀመሪያ ሙከራ አግኝቶ ሕይወት ያተረፈ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ የእንቅልፍ እጦት በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእርግጥ የተለካ ነው ወይስ በግምት የሚነገር? ሥራውን የለመደ ባለሙያ «እኔ ደህና ነኝ» ሲለኝ ቃሉን ተቀብዬ ማሠራት እችላለሁ? በሹፌርነት፣ በኃይል ማመንጫ ወይም በፋብሪካ ሌሊት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም እናንተ ዘንድ ድልድሉ እንዴት እንደሚወጣ ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።

የፊዚዮሎጂ መምህር

ጉዳቱ የተለካ ነው፤ ያውም በተደጋጋሚና በተለያዩ ሙያዎች።

እንቅልፍን ሁለት ነገሮች ይመሩታል። አንደኛው ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄድ የእንቅልፍ ጫና ነው፤ አንጎል ሲሠራ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር እየበዛ መምጣቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚገኘውና በዓይን ከሚገባው ብርሃን ጋር ራሱን የሚያስተካክለው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ቀን ቀን የተጠራቀመውን ጫና ተቋቁመን ነቅተን እንድንውል ያግዘናል፤ ሌሊት ግን እገዛውን ያነሣል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል፣ የንቃት አቅም ይደክማል፤ ጠዋት ከአልጋው የተነሣ ሰው ደግሞ የአንድ ሙሉ ቀን ጫና ተሸክሞ እዚያ ሰዓት ላይ ይደርሳል። በመዝገቡ ላይ የሚያዩት የ10 ሰዓቱ መዘበራረቅ ሁለቱ ነገሮች ከተገናኙበት ሰዓት ጋር መግጠሙ አጋጣሚ አይደለም።

መጠኑን ለመገመት የሚረዳ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅተው የቆዩ ሰዎች የእጅና የዓይን ቅንጅታቸው በደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ወርዶ ተገኘ፤ 24 ሰዓት ሲሞላቸው ደግሞ 0.10 በመቶ ገደማ ካለበት ሰው ጋር ተስተካከለ። ይህን በእናንተ ክፍል እናስላው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ተረኛ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ይደርሳል፤ በመካከል ካላረፈ ዱቲውን ሲያስረክብ 26 ሰዓት ነቅቷል። ጠጥቶ የመጣን ነርስ መድኃኒት እንዲቀምም የሚፈቅድ አስተባባሪ ያለ አይመስለኝም።

«እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይቀበሉት። ሰውየው ዋሽቶ ሳይሆን ራሱን መመዘን ስለማይችል ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ጤናማ ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ ትኩረታቸው በየዕለቱ ሲለካ፣ ውጤታቸው እያሽቆለቆለ ሄዶ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንቅልፍ ካላዩ ሰዎች ደረጃ ደረሰ። ምን ያህል እንደደከማቸው ሲጠየቁ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ የሚሰጡት መልስ ብዙም አልጨመረም። ሥራቸው እየባሰበት ሲሄድ እነሱ የለመዱት መስሏቸው ነበር ማለት ነው። የእናንተ ነርሶች «ለምደነዋል» የሚሉት ከልባቸው ነው፤ የሚያታልለውም ይህ ነው።

ደም ሥሩን በመጀመሪያ ሙከራ ስላገኘው ነርስ የጻፉት በተለይ የሚታሰብበት ነው። የእንቅልፍ እጦት መጀመሪያ የሚያጠቃው ፋታ በሌለው ትንቅንቅ ውስጥ የምንጠቀምበትን የተለማመድነውን የእጅ ሙያ አይደለም። ቀድሞ የሚጎዳው ረጅምና አሰልቺ ክትትል፣ ስሌት፣ እንዲሁም ሁኔታው ሲለወጥ የያዙትን ሐሳብ ትቶ ሌላ የማሰብ ችሎታ ነው። ስለዚህ አደጋ የሚያሰጋው ክፍሉ በሰው ሲጨናነቅ ብቻ አይደለም፤ ጸጥ ብሎ የአንድ ታካሚ አተነፋፈስ ቀስ በቀስ ከ20 ወደ 28 ከፍ ሲል ይበልጥ ያሰጋል።

ቡና ያነቃል፤ አልክድም። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይዞ ድካሙ እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ የተጠራቀመውን ጫና አያወጣውም። የገባው መጠን ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የጠጣው ቡና ግማሹ ገና በሰውነቱ ውስጥ እያለ ነው የሚጋደመው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በትንንሹ ጠጥቶ ከዚያ በኋላ ማቆም ይሻላል። በእኛ አካባቢ ጫትም ሊነሣ ግድ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ሲሆን፣ ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እንቢ ሲል ጨብሲ ብሎ አልኮል መጨመር የተለመደ ነው፤ በአልኮል የመጣ እንቅልፍ ደግሞ የተቆራረጠና የማያሳርፍ ነው።

የስምሪት ባለሙያ

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ቡና የሚያጓጉዙ የጭነት መኪናዎችን ስምሪት እሠራለሁ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት በዚሁ መንገድ ራሴ አሽከርክሬያለሁ። መምህሩ ስለ ጸጥታው ሰዓት የጻፉት ከእኛ ሥራ ጋር በትክክል ስለሚገጥም ነው ለመጻፍ የተነሣሁት።

መንገዱን የማያውቅ ሰው ሹፌር እንቅልፍ የሚያጠቃው ከሶኮሩ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይመስለዋል። እዚያ ግን ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬኑን እያዳመጠ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ስለሚወርድ ማንጎላጀት የሚባል ነገር የለም። እንቅልፉ የሚመጣው ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጨርሶ፣ ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ቀና ሲልና «አሁንስ ደረስን» ሲባል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለአራት ሰከንድ ሽልብ ያለው ሹፌር እጅ ላይ 90 ሜትር ያህል ያለ ሰው ይሄዳል። ሹፌሩ ዓይኑ ተከፍቶም ይህ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለው ረዳት «ነቅቷል» ብሎ ይምላል፤ ሹፌሩ ግን ያለፈውን ከተማ መቼ እንዳለፈው አያስታውስም። እኛ ዘንድ ይህ የመጀመሪያው የመቆሚያ ምልክት ነው፤ መስኮት ከፍቶና ሙዚቃ አስጩኾ መቀጠል ጥቂት ደቂቃ ከመግዛት አያልፍም።

ድልድል እንዴት እንደምናወጣ ለጠየቁት፣ ጭነቱ ሌሊት ተጭኖ ቢያልቅም ሹፌሩ ተኝቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ እንዲነሣ አደርጋለሁ። ባለንብረቶች ይህን አይወዱትም፤ ከተማ ገብቶ ለማራገፍ የሚመቸው ሰዓት ያልፋልና። ሹፌሮቹም አይወዱትም፣ ምክንያቱም የሚከፈላቸው በምልልስ ነው። እህቴ፣ እርስዎን የገጠመዎት ነገር ይኸው ይመስለኛል። ክፍያው ብዙ ለነቃ ሰው የሚበዛ እስከሆነ ድረስ ስለ እንቅልፍ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እኛ ጥቂት ለውጥ ያየነው የአዳር አበሉን ተኝቶ ለሚነሣውም መክፈል ስንጀምር ነው።

ሁለት ሹፌር መመደብ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። በሚንገጫገጭ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ የተኛ ሰው ተኛ ለማለት እቸገራለሁ።

አዋላጅ ነርስ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ብቀበልም «12 ሰዓት ይሁን» ተብሎ ብቻ እንዳይደመደም እሰጋለሁ።

የ24 ሰዓት ዱቲን የሚቃወሙ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት በ2004 እ.ኤ.አ. በቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርን ሐኪሞች ላይ የተደረገውን ጥናት ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቁ ዱቲዎች በነበሩበት ድልድል የተፈጸሙት ከባድ የሕክምና ስሕተቶች ዱቲው ካጠረበት ድልድል በ36 በመቶ በልጠው ተገኝተዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው አካባቢ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ያደረጉት ሰፊ ጥናት ተቃራኒውን ነው ያሳየው፤ ረጅሙ ዱቲ በቀረበት ድልድል የሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑት ሐኪሞች) ከባድ ስሕተት ጨመረ። ምክንያቱ ሲመረመር ዱቲው ሲያጥር የሰው ኃይል ስላልተጨመረ አንድ ሬዚደንት የሚከታተላቸው ታካሚዎች በዝተው ነበር፤ ይህ ልዩነት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ የስሕተቱ ብልጫ ጠፋ። እህቴ፣ የእርስዎ ክፍል የነርስ ቁጥር ሳይጨመር ፈረቃው ለሁለት ቢከፈል ማን ስንት አልጋ ይይዛል? ረቂቁ ከዚህ ስሌት ቢጀምር እመርጣለሁ።

ሌላው ርክክብ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ተረካቢው ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ 12 ሰዓት የተባለው 13 ይሆናል። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነርሶች ላይ በተሠራ ጥናት የስሕተት ዕድል ጎልቶ የጨመረው ሥራው 12 ሰዓት ተኩልን ሲያልፍ ነው፤ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም። እኔ በምሠራበት የማዋለጃ ክፍል ርክክቡ በቃል ብቻ በነበረበት ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት የጀመረች እናት የጉልበት ሪፍሌክሷና የሽንቷ መጠን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታየ ለማወቅ ካርዷን ሦስቴ ማገላበጥ ይጠይቅ ነበር። አሁን እናቲቱ አልጋ አጠገብ ቆመን፣ አስረካቢው የሕመሙን ደረጃ፣ የተደረገላትን፣ የሚቀረውንና «ይህ ከሆነ ይህን አድርጊ» የሚለውን ተናግሮ ተረካቢው መልሶ ይናገረዋል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለው ርክክብ በዘጠኝ ሆስፒታሎች ተሞክሮ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ገንዘብ የማይጠይቅ ለውጥ በመሆኑ ከፈረቃው በፊት መጀመር ይቻላል።

የግል ክሊኒኩን ጉዳይም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ዱቲው 12 ሰዓት ሲሆን ቀኑን ክሊኒክ ውሎ ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ እርስዎ የሚገባ ነርስ ይኖራል። በወረቀት 12 ሰዓት የሠራ ሰው በሰውነቱ ከ24 ሰዓት በላይ ነቅቷል። አሁን ባለው ሥርዓት ቢያንስ ጠዋት ሲገባ ተኝቶ መምጣቱን እናውቃለን።

የማመንጫ ጣቢያ ኦፕሬተር

በውኃ ኃይል ማመንጫ የመቆጣጠሪያ ክፍል በፈረቃ እሠራለሁ። ስለ ሌሊት ሥራና አደጋ ሲነሣ የቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫ ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ አደጋው ሚያዝያ 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ መድረሱ እውነት ነው። የአሜሪካው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋም በ1979 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። እኔ ግን ሰዓቱን ብቻ አይቶ ጥፋቱን በእንቅልፍ ማላከክ ደስ አይለኝም። በቼርኖቢል የሬአክተሩ ንድፍና የሙከራው አካሄድ ራሳቸው ብልሽት ነበረባቸው፤ ኦፕሬተር ደክሞት ነበር ብሎ ማለፍ ለመሐንዲሶችና ለአለቆች የተመቸ ማምለጫ ነው።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው የለንደኑ የክላፓም ባቡር አደጋ ይመስለኛል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ጠዋት የምልክት መብራቱ ቀይ መሆን ሲገባው ስላልሆነ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ አንድ ሽቦ ነው። የምልክቱን መስመር ያደሰው ቴክኒሻን አሮጌውን ሽቦ ከአንዱ ጫፍ ብቻ ፈትቶ፣ ሳይቆርጠውና ሳይጠቀልለው እንደተንጠለጠለ ትቶት ነበር፤ ኋላ በአጠገቡ ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦው ተነቃንቆ ወደ ነበረበት ተመልሶ ነካ። መርማሪዎቹ የቴክኒሻኑን ድልድል ሲያዩ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይሁንና ምርመራው እሱ ላይ አላቆመም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ሰው ሽቦዎቹን ቆጥሮ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ማንም አልቆጠረም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ባቡር ሥራ አንድ ፈረቃ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሁለት ፈረቃ መካከል 12 ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ ሳምንቱ ከ72 ሰዓት እንዳያልፍና በ14 ቀን ውስጥ ከ13 ፈረቃ በላይ እንዳይሠራ ገደብ ተበጀ። ገደቡ ለእኔ አሁንም የላላ ነው፤ ሆኖም ገደብ ነው።

በእኛ ሥራ ሌሊት የኃይል ፍላጎቱ ስለሚወርድ ማሽኖቹ ያለ ብዙ ለውጥ ይዞራሉ፤ ኦፕሬተሩ የቤሪንጎችን (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙትን ክፍሎች) ሙቀትና የዘይት ግፊት በየሰዓቱ ይመዘግባል። እርስዎ ያዩት የተገለበጠ ቁጥር እኛም ጋ ነበር። የሠራልን ነገር ቁጥሩን ከስክሪን ላይ ማንበብ ቀርቶ አንዱ ተረኛ ወደ ተርባይኑ ወለል ወርዶ ጌጁን በባትሪ እያየ በሬዲዮ እንዲናገር፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ደግሞ መልሶ ተናግሮ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ደረጃውን መውረድና መውጣት ራሱ እንቅልፍ ይገፋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ደግሞ ግዴታ ያልሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ የታቀደ የብሬከር (የኃይል ማቋረጫ) ቅያሬ፣ አንጀምርም። እናንተ ድንገተኛውን ማስቆም አትችሉም፤ ሊነጋጋ ሲል የሚሠራውን የመድኃኒት ቆጠራና የአልጋ ዝውውር ግን ማንሣት ትችላላችሁ።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍት እንዲሰጥ፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትመደብ ያዛል። ይህ ለስምሪት ባለሙያው ሹፌሮችና ለግል ክሊኒኩ ተቀጣሪዎች ይሠራል። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ ግን የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ይህን አዋጅ ጠቅሰው ረቂቅዎን ቢጽፉ በመጀመሪያው ስብሰባ ይመለስብዎታል። የግል ሆስፒታል ከሆነ ግን ይጥቀሱት።

አስተባባሪ ነርስ (ጅማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዋላጅ እህቴ ያነሳችው የአልጋና የነርስ ስሌት ረቂቁ ውስጥ አልነበረም፤ አስገብቼዋለሁ። ሌሊት የሚቀንሰውን የሰው ቁጥር ሳላስተካክል ፈረቃውን ብከፍል ኖሮ ተረኛው ባነሰ ሰዓት ብዙ አልጋ ይይዝ ነበር።

ነርሶቹን በቡድን ሰብስቤ አነጋግሬያለሁ። ርክክቡን በአልጋ አጠገብ ለማድረግና መጠናቸው ከተሳሳተ አደገኛ የሆኑት ኢንሱሊን፣ ፖታሲየም፣ ሄፓሪንና ማግኒዥየም ሌሊት ሲሰጡ ሁለተኛ ነርስ መጠኑን ለብቻው አስልቶ እንዲያረጋግጥ ተስማምተዋል። የክሊኒኩን ነገር ማንም በግልጽ አይናገርም፤ እኔም መርማሪ መሆን አልፈልግም። ስለዚህ የአዳር ፈረቃ የሚይዙበትን ቀን ከሁለት ወር በፊት አውጥቼ፣ በዚያ ቀን ቀደም ብለው ከሌላ ሥራ ነጻ እንዲሆኑ እንዲያመቻቹ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በፈረቃው መካከል ተራ በተራ አጭር እንቅልፍ ይፈቀድ ብዬ ብጽፍ «ሥራ ላይ ተኝቶ ተገኘ» ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚሰጥበትን ልማድ ምን አደርገዋለሁ? ይጠቅማል ተብሎ ቢፈቀድስ ስንት ደቂቃ ይሁን?

የፊዚዮሎጂ መምህር

ልማዱን የሚሰብረው እንቅልፉ በድልድሉ ላይ በስም፣ በሰዓትና በቦታ መጻፉ ነው። ያልተጻፈ እንቅልፍ ወንበር ላይ በመንጎላጀት መልክ መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ታካሚውን ማን እንደያዘ አይታወቅም። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ የረጅም በረራ አብራሪዎች በተራ እንዲያርፉ አድርጎ ባጠናው ጥናት በአማካይ 26 ደቂቃ የተኙት አብራሪዎች የሥራ ብቃታቸው በ34 በመቶ፣ ንቃታቸው በ54 በመቶ ተሻሽሏል። እነዚያ አብራሪዎች መሪውን ለባልደረባቸው አስረክበው ነው የተኙት፤ የእናንተም ነርስ አልጋዎቹን በስም አስረክቦ ይተኛ።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ቢሆን፣ ርዝመቱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ከረዘመ ሰው ከጥልቅ እንቅልፍ ሲቀሰቀስ የሚሰማው መፍዘዝ ይበረታል። አጭር ቢሆንም ከነቃ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል መድኃኒት አይቀምም፣ ስሌት አይሥራ። ይህን በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ሰው ከእንቅልፉ ተጠርቶ ወዲያው መርፌ እንዲይዝ የሚደረግበት ክፍል እረፍቱን ራሱን የስሕተት ምንጭ አድርጎታል።

ተከታታይ ሌሊቶችንም ይገድቡ። በኢንዱስትሪ አደጋዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ የአደጋ ዕድል ከመጀመሪያው ሌሊት ጋር ሲነጻጸር በአራተኛው ሌሊት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ ቀን ቀን የሚተኙት እንቅልፍ አጭር ስለሆነ ዕዳው ይደራረባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆች እየገቡና እየወጡ፣ ጎረቤት «ቡና ደርሷል» እያለ፣ እድሩም ለቅሶ እየጠራ ስንት ሰዓት ይተኛል? ሁለት ሌሊት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ እረፍት ይሁን።

ወደ ቤት የሚመለሱበትንም ይመልከቱ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንተርን ሐኪሞች ላይ በታተመ ጥናት ረጅም ዱቲ ጨርሶ በመኪና የሚመለስ ሐኪም አደጋ የማድረስ ዕድሉ አጭር ፈረቃ ከጨረሰው በ2.3 እጥፍ ይበልጣል።

የስምሪት ባለሙያ

መምህሩ ካነሡት አይቀር፣ ከእናንተ መካከል ሞተር ሳይክል እያሽከረከሩ ወደ ሰርቦና አጋሮ የሚመለሱ እንዳሉ እገምታለሁ። የቀን ሠራተኞችን የሚያመጣ ሰርቪስ ካላችሁ ጠዋት ሰው አውርዶ ባዶውን ነው የሚመለሰው። የመነሻ ሰዓቱን ከርክክቡ ማብቂያ ጋር አግጥማችሁ የአዳሮቹን ነርሶች አሳፍሩበት፤ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ይደር። ለሹፌሩ የሚጨመረው ነዳጅ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ርቀቱን ከላካችሁልኝ አስልቼ እሰጣችኋለሁ።